ፊት የሌለው ስም፣ ስም የሌለው ዕድሜ

የአሜሪካን ታሪክ ለአሥራ ሁለትና ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች በኮምፒውተር መስመር ማስተማር ኮቪድ የወለደው ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ዛሬ ከሚያስተምሩት መምህራን ከአብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጣል። በ1971 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ዶን ራዊች የሚባል፣ የማስተማር ልምምድ ላይ የነበረ የኮሌጅ ተማሪ፣ ሰፋሪዎች ወደ ምዕራብ የተጓዙበትን ዘመን ለስምንተኛ ክፍል ልጆች እንዲያስተምር ተመደበ። አብረውት የሚኖሩት ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር የሒሳብ ተለማማጅ መምህራን ነበሩ፤ ፕሮግራም መጻፍም ያውቁ ነበር። ሦስቱ ተያይዘው በሁለት ሳምንት ገደማ «ኦሪገን ትሬይል» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው መሣሪያ ስክሪን እንኳ የሌለው ቴሌታይፕ ነው። በስልክ መስመር ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ መልሱን እየተንቋቋ በጥቅል ወረቀት ላይ ያትማል። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው፣ ጊዜው 1847 ነው ብለው፣ በሬ በሚጎትተው ጋሪ ከሚዙሪ ይነሣሉ። ገንዘባቸውን ለምግብ፣ ለጥይት፣ ለልብስ ያከፋፍላሉ። አደን ሲመጣ «ባንግ» የሚለውን ቃል ቶሎ የጻፈ ሥጋ ይበላል፤ የተንቀረፈፈ ጾሙን ያድራል።

ይህን ጨዋታ እንደ መጫወቻ ብቻ አላየውም። በውስጡ አንድ ክርክር አለ። የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ትልቁ ጉድለቱ መጨረሻውን ማወቁ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 እንደሚጀመር፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1865 እንደሚገደል መጽሐፉ ያውቃል፣ መምህሩ ያውቃል፣ ተማሪው ያውቃል፤ የማያውቀው ሊንከን ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ልጆች ስለ ድሮ ሰዎች ሲያነቡ ነገር የማይገባቸው፣ አፍንጫቸው ሥር ያለውን የማያዩ ሞኞች ይመስሏቸዋል። ቴሌታይፑ ፊት የቆመው ልጅ ግን የሚመጣውን አያውቅም። መንገድ ላይ ያለው ምሽግ ጋ ቆሜ ስንቅ ልጨምር ወይስ ገንዘቤን ልቆጥብ ብሎ ያመነታል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ይወስናል፤ ከዚያ ወረቀቱ እየተንቋቋ ወጥቶ በበሽታ መሞቱን ይነግረዋል። ያ ልጅ ለአፍታም ቢሆን በ1847 ሰው ዓይን አየ ማለት ነው።

ከዚያስ? ከዚያ እንደገና ይጀምራል። የሞተው ይነሣል፣ በሬዎቹም ይነሣሉ፣ ገንዘቡም ወደ ኪሱ ይመለሳል። ሰው ሳያውቅ ይወስናል፤ የወሰነውንም መመለስ አይችልም። ታሪክ የምንለው ሁለቱ የተጋጠሙበት ቦታ ነው፤ ጨዋታው አንዱን አስተምሮ ሌላውን ደበቀ። ሌላም ጎዶሎ ነበረው፦ ዓለሙ የሚታየው ከጋሪው ላይ ሆኖ ነው። ጋሪው የሚያቋርጠው መሬት የማን እንደሆነ፣ ባለመሬቶቹ ያን ሁሉ ጋሪ ሲያዩ ምን እንዳሰቡ መጠየቂያ አልነበረውም። በ2021 የወጣው አዲስ እትም የአገሬውን ተወላጅ ምሁራን አማክሮ ይህን ለማቃናት ሞክሯል። ሃምሳ ዓመት ፈጀ።

የዛሬው ልጅ የሚማርበት ስክሪን የጨዋታውን ጠባይ ወርሷል። የጻፈውን ያጠፋል፣ ያጠፋውን ይመልሳል። ስለ ጌቲስበርግ ውጊያ በተሰጠው አጭር ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ካመጣ «እንደገና ሞክር» የሚለውን ተጭኖ ሙሉውን ያገኛል። እንደ መምህርነቴ ይህን አልቃወምም፤ ልጅ ከስህተቱ ካልተማረ ከምን ይማራል? ነገር ግን በሐምሌ 1863 በሦስት ቀን ውስጥ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው የሞተበት፣ የቆሰለበትና የጠፋበት ጦርነት «እንደገና ሞክር» ከሚል ቁልፍ በላይ ተቀምጦ ሳየው ይከነክነኛል። ትምህርቱና መሣሪያው የተለያየ ነገር እየተናገሩ ነው። ልጁ ደግሞ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያምነው ጣቱ የለመደውን ነው።

ስክሪኑ የሰጠን ነገርም አለ፤ እሱም ቀላል አይደለም። ቀድሞ ዋናውን ሰነድ ማየት የሚችለው ደጅ ጠንቶ፣ ፈቃድ አግኝቶ ወደ ማኅደር ክፍል የገባ ተመራማሪ ነበር። ዛሬ ቶማስ ጄፈርሰን የነጻነት መግለጫውን የጻፈበትን ረቂቅ፣ ከነስርዝ ድልዙ፣ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ አጉልታ ታየዋለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ስለማስተምር ጄፈርሰን ለልጆቹ የሰፈር ሰው ነው፤ ስሙ ያልተለጠፈበት መንገድና ትምህርት ቤት የለም ማለት ይቻላል። እናም በየዓመቱ ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን እከፍትላቸዋለሁ።

አንደኛው ይኸው የ1776 ረቂቅ ነው። በውስጡ የእንግሊዙን ንጉሥ በባሪያ ንግድ የሚከስ ረጅም አንቀጽ ነበረ፤ ኮንግረሱ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ጣለው። ሁለተኛው ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 14 ቀን 1769 የታተመ «ቨርጂኒያ ጋዜት» ላይ የወጣ ማስታወቂያ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ በድሮው ኅትመት ይሥቃሉ፤ ረጅሙን «ኤስ» «ኤፍ» ነው ብለው ያነቡታልና። ቀስ በቀስ ሣቁ ይቀንሳል። ማስታወቂያው ሳንዲ የሚባል ባሪያ እንደጠፋ ይናገራል። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ገደማ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ወፈር ወፈር ያለ፣ መልኩ ቀላ ያለ። ሙያው ጫማ ሠሪ ነው፤ የሚሠራውም ይበልጡን በግራ እጁ ነው። ሻካራ የአናጢ ሥራ ይችላል፣ ፈረስ ግልቢያም ያውቃል። መጠጥ ይወዳል፤ ሲጠጣ ይሳደባል፣ ያስቸግራል። ሲሄድ ነጭ ፈረስ ወስዷል፤ የጫማ መሥሪያውንም ይዟል፤ ምናልባት በዚያው ሙያ ሥራ ሊፈልግ ይችላል። ላመጣው ሰው እዚያው አውራጃ ውስጥ ከሆነ አርባ ሽልንግ፣ በሌላ የቨርጂኒያ አውራጃ ከሆነ አራት ፓውንድ፣ በሌላ ቅኝ ግዛት ከሆነ አሥር ፓውንድ። ከታች የባለቤቱ ስም፦ ቶማስ ጄፈርሰን። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብሎ የጻፈውና ይህን ያሳተመው እጅ አንድ መሆኑ ልጆቹ ላይ የሚያደርገውን ማየት ነው። ቻቱ ይንጫጫል። አንዱ «ውሸታም ነዋ» ይላል። ሌላው «ያኔ ሁሉም እንዲህ ነበር» ይላል፤ ከቤት የሰማው ይመስለኛል። ለሁለተኛው የምሰጠው መልስ አለኝ፦ ሳንዲም የዚያው ዘመን ሰው ነው። ስለ ባርነት ምን እንደሚያስብ ፈረስ ኮርቻ ላይ ወጥቶ ተናግሯል። «ዘመኑ እንዲህ ነበር» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከዘመኑ ሰዎች ግማሾቹን ሳንቆጥር ነው። ለመጀመሪያው ግን ቶሎ አልመልስም። ውሸታም ማለት የሚያውቀውን የሚደብቅ ነው፤ ጄፈርሰን ደግሞ ባርነት ክፉ መሆኑን በአደባባይ ጽፏል፣ በዕድሜው ሙሉ ከስድስት መቶ የሚበልጡ ሰዎችንም በባርነት ይዟል። አንድን ነገር አጥርቶ ማወቅና በዚያው ነገር መኖር፣ ለዚያውም እስከ ሽምግልና። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለዚህ ስም ይፈልጋል። እኔ ስም ከመስጠት ይልቅ ጥያቄው ትንሽ እንዲያሳክከው እመርጣለሁ።

አንድ ጊዜ ብዙም የማትናገር ልጅ ቻቱ ላይ «እኔም ግራኝ ነኝ» ብላ ጻፈች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ይህ አባባሏ አስቦ የሚጽፍ ፈላስፋ የሚደርስበት ነገር ላይ በአቋራጭ ደረሰ። ያ ማስታወቂያ የተጻፈው ሳንዲን ለመያዝ ነው። ግራኝነቱ የተጠቀሰው እንዲታወቅበት፣ ሙያው የተጠቀሰው እንዲታደንበት ነው። ጄፈርሰን ያን ያህል አስተውሎ ያየው ንብረቱን እንደሚፈልግ ሰው ነው። ነገር ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎ ሳንዲ አካል ያለው ሰው ሆኖ፣ እጅ ኖሮት፣ ግልፍተኛ ሆኖ፣ ሙያውን አንግቦ የቀረበልን በዚያው የአዳኝ ወረቀት ነው። ከአሜሪካ የባርነት ታሪክ እጅግ ብዙው የተረፈው በዚህ መንገድ ነው፤ በሽያጭ ደረሰኝ፣ በኑዛዜ፣ በመርከብ ጭነት መዝገብ። ሰነዱን ያቆየው ክፋት ነው፤ እኛ ደግሞ ያለ ሰነዱ ምንም የለንም። ሳንዲ ተያዘ። በ1773 ጄፈርሰን በመቶ ፓውንድ ሸጠው። ከዚያ በኋላ ለልጆቹ የማሳያቸው ወረቀት የለኝም።

አሁን ወደ ካሜራው ልምጣ። በመስመር ላይ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል፦ ካሜራ ሲዘጋ የሚቀሩ ጥቁር ሣጥኖች፣ በየሣጥኑ አንድ ስም። አስገድዶ ካሜራ ማስከፈት ነውር እንደሆነ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር እንስማማለን፤ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ማሳየት የማይፈልግ ልጅ አለ፣ ታናሽ ወንድሙን አቅፎ የሚማር አለ፣ የፊቱ ብጉር ያሳፈረው አለ። ተኝቶ የሚማርም እንዳለ አይካድም። መምህሩ ግን ለስሞች ይናገራል። ይቀልዳል፤ ማን እንደሣቀ አያይም። አሳዛኝ ነገር ያነባል፤ ማን ፊቱን እንዳዞረ አያይም። ብዙ መምህር በዚህ ተማሯል፤ እኔም ተማርሬያለሁ። የማስተማር ደስታ ግማሹ ፊት ነው።

በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው የ1860ን የባሪያዎች መዝገብ የምንከፍተው። የአሜሪካ መንግሥት በ1850ና በ1860 ሕዝብ ሲቆጥር በባርነት የተያዙትን ለብቻቸው በሌላ ቅጽ መዘገበ። ቅጹ ዛሬ በነጻ ይገኛል። በግራ በኩል የባለቤቱ ስም በተጠማዘዘ የእጅ ጽሕፈት ይነበባል (ልጆቹ ይህን ጽሕፈት ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነብላቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለው ጽሕፈት ብዙ ቦታ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ነበር)። ከባለቤቱ ስም ቀጥሎ የባሪያዎቹ ቁጥር አለ፤ በየመስመሩ 1፣ 1፣ 1 እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ዕድሜ። ከዚያ ጾታ። ከዚያ የቆዳ ቀለም፣ በአንዲት ፊደል። የጠፋ ካለ፣ ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ካለ የሚሞላ ቦታም ተዘጋጅቷል። ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም። በ1860 አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚህ መልክ ተቆጠረ። ነጻ ከወጡ በኋላ፣ በ1870 ቆጠራ፣ አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸውና በቤተሰብ ስም ተመዘገቡ። የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኋላ ሲሄዱ ግንብ እንደገጠማቸው ሁሉ የሚቆሙት እዚያ ጋ ነው።

ከፊቴ ፊት የሌላቸው ስሞች፣ ስክሪኑ ላይ ስም የሌላቸው ዕድሜዎች። ሁለቱን ማመሳሰል አልፈልግም፤ አንዱ የልጅ ምርጫ ነው፣ ሌላው የመንግሥት ወንጀል። ግን ያን ቅጽ ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ነገር ይገባኛል። የታሪክ ትምህርት ከጥንትም ከሌሉ ሰዎች ጋር የመቀመጥ ትምህርት ነበር። ጡብና ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ ልጅ እየተገፋፋና እየተሣሣቀ ሲቀመጥ፣ ይህ ይረሳል፤ ያሉት ልጆች የሌሉትን ሰዎች ይሸፍኗቸዋል። በተዘጋ ካሜራ ክፍል ውስጥ ግን አለመኖር የተለመደ ነገር ነው። «መስመር 14፣ ሴት፣ ዕድሜ 12» ብዬ ሳነብ የሚመጣው ዝምታ ጡብ ክፍል ውስጥ ከማውቀው ዝምታ ይለያል። ማንም ማንንም አያይም፤ ለጓደኛ ተብሎ የሚሣቅ ሣቅ የለም። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ጋር ብቻዋን ናት። ስለዚህ ያን ሰዓት በጨዋታና በቪዲዮ አልሞላውም። ስለ ማሳተፍ በየስልጠናው የሚሰበክልንን አውቃለሁ፤ በየአምስት ደቂቃው ልጁ አንድ ነገር ካልተጫነ አልተማረም ይሉናል። እኔ አላምንም።

ከዚህ አንጻር በቅርብ ዓመታት የመጣ አንድ ነገር አለ፤ ከሞቱ ሰዎች ጋር «የሚያነጋግሩ» የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች። ልጁ ይጽፋል፣ «ጄፈርሰን» ይመልሳል፤ ጨዋ ነው፣ ያዝናል፣ ውስብስብ እንደነበረ ያብራራል። ባልደረቦቼ መካከል የወደዱት አሉ፤ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ አይፈሩም ይላሉ። እውነት ነው፣ ይጠይቃሉ። የእኔ ቅሬታ መሣሪያው የተጠየቀውን ሁሉ መመለሱ ነው። የሞተ ሰው አንዱ ባሕርይ መልስ አለመስጠቱ ነው፤ ያንን ከወሰዱበት የቀረው ሙት አይደለም፣ ትሑት አስተናጋጅ ነው።

ከዚህ ይልቅ የአቶ ፋውንቴን ሂውዝን ድምፅ አሰማቸዋለሁ። በ1949 ባልቲሞር ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ይህም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ይገኛል። ሽማግሌው መቶ አንድ ዓመታቸው እንደሆነ ይናገራሉ። በባርነት የተወለዱት ጄፈርሰን በኖረበት አካባቢ፣ በሻርለትስቪል ነው፤ አያታቸው የቶማስ ጄፈርሰን ባሪያ እንደነበሩም ይናገራሉ። ቅጂው ይንኮሻኮሻል፤ ልጆቹ ጆሮ ማዳመጫቸውን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ባርነትን ሊሰሙ ነው። አቶ ሂውዝ ግን መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ዱቤ ነው! በዱቤ ዕቃ አትግዛ፣ ገንዘብህን አጠራቅመህ ግዛ፣ እያሉ ደጋግመው ይመክራሉ። ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል፤ «መቼ ነው ስለ ባርነት የሚናገሩት?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ነው ሰው ማለት። እኛ የፈለግነውን ትቶ እሱ የሚያሳስበውን ይናገራል። ቆይተው ወደዚያ ይመጣሉ፤ ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ እንደማይቻል፣ ነጻ ሲወጡ እንደ ከብት እንደተለቀቁ፣ የሚገቡበት ቤት እንዳልነበረ ያወራሉ። ያኔ የዱቤው ምክር ሌላ ድምፅ ይኖረዋል፤ ንብረት ሆኖ የተወለደ፣ ያለ ንብረት የተለቀቀ ሰው ዕዳን ለምን እንደሚፈራ ልጆቹ ሳይነገራቸው የሚገባቸው ጊዜ አለ። የማይገባቸው ጊዜም አለ፤ ያኔ ትምህርቱ ያልቃል፣ ወደ ሌላ ክፍለ ጊዜ እንሄዳለን።

እውነተኛ ድምፅ ሁሉ ያለ ጥርጣሬ ይሰማ ማለቴ አይደለም። ከ1936 እስከ 1938 መንግሥት ጸሐፊዎችን ልኮ ከ2,300 በላይ የቀድሞ ባሪያዎችን ቃል አሰባስቧል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፤ ቦታው ደቡብ ነው፤ ዘመኑ ሰው በዘሩ በሰቀላ የሚገደልበት ነው። ጌታዬ ደግ ነበር ያለው ሽማግሌ ለማን እየተናገረ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ልጆች ይህን ለመረዳት ቅርብ ናቸው፤ ለመምህርና ለጓደኛ አንድ ዓይነት ቃል እንደማይሰጥ ከማንም በላይ ያውቃሉና።

በኢንተርኔት ስለሚደረገው ፍለጋ ብዙ አልልም። ለዓመታት በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የተከፈተ፣ ለተማሪዎች የተዘጋጀ የሚመስል ድረ ገጽ ነበር፤ ከኋላው የነበሩት የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ናቸው። ስንት ልጅ የቤት ሥራውን ከዚያ ገልብጧል! የስታንፎርዱ ሳም ዋይንበርግና ባልደረባው ባደረጉት ጥናት የታሪክ ዶክተሮች እንኳ እንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ ሲቸገሩ ታይተዋል፤ የተሻሉት ከገጹ ቶሎ ወጥተው «ይህን ማን ጻፈው?» ብለው ሌላ ቦታ የሚጠይቁት የጋዜጣ እውነታ አጣሪዎች ናቸው። ስክሪኑ በሌላም ይከሰሳል፦ በ2022 አገር አቀፍ ፈተና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በአሜሪካ ታሪክ ብቁ የተባሉት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲወጣ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ያልቀሰረ አልነበረም። አማካይ ውጤቱ ግን ከ2014 ጀምሮ፣ ማንም ዙም የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ ሲወርድ ነው የቆየው።

በመስመር ላይ የሚያስተምር ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ግድግዳ ማጣት ነው። ድሮ ክፍል ውስጥ የተባለ ነገር ቤት የሚደርሰው ልጁ እንደፈለገው ተቀንሶ ወይም ተጨምሮበት ነበር። አሁን እኔ የምናገረው ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሽንኩርት እየተከተፈ፣ አያት ቁጭ ብለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 2022 ያኔ አዲስ የነበሩት ገዢ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የፈረሙት የመጀመሪያ ትእዛዝ ስለ ዘር የሚከፋፍሉ ሐሳቦች ከትምህርት ቤት እንዲወጡ የሚል ነበር፤ ወላጆች ቅሬታ የሚልኩበት ኢሜይልም ተከፍቶ ነበር። ስለዚህ የሳንዲን ማስታወቂያ ሳነብ ከጥቁሮቹ ሣጥኖች በስተጀርባ ማን እንደሚሰማ አላውቅም። ይህ ፍርሃት ያመጣል፤ ጥንቃቄም ያመጣል። ሰነዱን አነባለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ ስድብ አልጨምርም። ምናልባት ሳይፈልጉ የተሻልኩ መምህር አድርገውኝ ይሆናል።

ከሰሚዎቹ አንዷ የአገሬ ሰው ናቸው። ሰሜን ቨርጂኒያ ሐበሻው ብዙ ነው፤ ከጥቁሮቹ ሣጥኖች ውስጥ የትኛው ስም ከየት እንደመጣ ሳየው አውቃለሁ። አንድ ቀን ማታ ደወሉልኝ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንጀራ እየጋገርኩ ሰማሁዎት። ይሄ ጣጣ የነሱ ነው፤ የነጭና የጥቁር አሜሪካ ጣጣ። የኔ ልጅ በዚህ ምን አገባው?»

ልጃቸው ከዚያ ቀደም በግል ቻት «እኛም አገር ነበር?» ብሎ ጠይቆኝ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ነበር ብዬዋለሁ። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በ1942 ነው፤ የተሸጡትና የተለወጡት ሰዎች እንደ ሳንዲ ጋዜጣ ላይ አልወጡም፤ እኛ ዘንድ ዝምታው ከዚህኛው ይወፍራል። ይህን ለሌላ ጊዜ አቆየሁትና ለእናቱ ሌላ ነገር ነገርኳቸው።

ልጅዎ እዚህ አይደል የተወለደው? አልኳቸው። እዚሁ አሌክሳንድሪያ። እርስዎ ያኔ ዜጋ ነበሩ? አልነበሩም። ታዲያ ልጁ የአሜሪካ ፓስፖርት ያገኘው በምንድን ነው? በ1868 በወጣው አሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ እዚህ ምድር የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው የሚለው። ያ ሕግ ለሐበሻ ታስቦ አልተጻፈም። የተጻፈው እነዚያ ስም ያልነበራቸው አራት ሚሊዮን ሰዎች ነጻ ወጥተው ዜጎች አይደሉም እንዳይባሉ ነው። በ1898 ዎንግ ኪም አርክ የሚባል፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደ ሰው ከመንግሥት ጋር ተሟግቶ ሕጉ ለስደተኛ ልጅም እንደሚሠራ አስፈረደ። እርስዎ የገቡበት በርም ቢሆን ጥቁሮቹ ለመብታቸው ሲታገሉ የተከፈተ ነው፤ በዘርና በአገር ኮታ ይሠራ የነበረው የኢሚግሬሽን ሕግ የተለወጠው በ1965፣ የመምረጥ መብት ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። የስደተኞች ሕግ ደግሞ በ1980 ተከተለ።

ጥቂት ዝም አሉ። ከምጣዱ የሚመጣ ድምፅ ይሰማኛል።

«እሺ፤ ገባኝ» አሉ። «ግን ይሄ ሁሉ ፈተና ላይ ይመጣል?»

አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ይመጣል፤ ሳንዲ አይመጣም አልኳቸው።